በውርጭ የተገነባው ግድግዳ

ጃቤዝ ፔግለር የዊዝኮምን ዳገት የሚወጣው በእጁም በእግሩም ነበር። ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ድንጋይ ሆኖ የከረመው መንገድ ዛሬ ከላዩ ጭቃ፣ ከሥሩ በረዶ ሆኗል፤ ሁለት እርምጃ ሲወጣ አንዱን ወደ ታች ይመልሰዋል። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው። ሦስት ጊዜ ወድቆ ሦስት ጊዜ ተነሣ። የግራ መዳፉ ተልጦ ደማ። ባርኔጣውን ነፋስ ወስዶ አጥር ላይ ሲጥለው እያየ ተመልሶ አላነሣውም።

ነፋሱ ዞሮ ነበር። ታላቁ ውርጭ ከወረደበት ቀን አንሥቶ ከምሥራቅ ሲገርፍ የከረመው ነፋስ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዞሮ ለብ ያለ ዝናብ ማካፋት ጀመረ። መንደሩ እሰይ አለ። ወፍጮው ሊዞር ነው፤ በጎቹ ሣር ሊያገኙ ነው፤ ከገና ወዲህ የሞቱት ሁለት ሽማግሌዎችም መሬቱ አልቆፈር ብሎ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓዳ የከረሙት፣ በመጨረሻ መቃብር ሊያገኙ ነው። ከጣሪያው ውሃ ሲንጠባጠብ ሰምቶ ልቡ የወደቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ቁርሱን ሳይቀምስ ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

በዚያ አገር ከቅዱስ ማርቲን በዓል በኋላ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የሚያስቀምጥ ግንበኛ የለም። ኅዳር ሲጠባ ያላለቀው ግድግዳ ገለባና ፍግ ይደፋበታል፣ በገመድ ይጠፈራል፣ እስከ መጋቢት ይተኛል። ግንበኞቹም ወደ ድንጋይ መጥረቢያ ዳሳቸው ይገባሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። እርጥብ ኖራ ሳይደርቅ ውርጭ ከያዘው በረዶ ሆኖ ይጋገራል፤ ተጋግሮም እንደ ብረት ጠንክሮ ያየውን ሁሉ ያታልላል። ውርጩ እስካለ ግድግዳው ይቆማል። ውርጩ ሲለቅ ኖራው ገንፎ ይሆናል፣ ድንጋዩም የሚይዘው ያጣል። ይህን የማያውቅ ኖራ አቡኪ እንኳ በሸለቆው ውስጥ አልነበረም። አርባ ዓመት በሙያው የኖረው ጃቤዝ ደግሞ ለስንቱ ጀማሪ በጥፊ ጭምር ያስተማረው ነገር ነው።

እሱ ራሱ ግን የአምብሮዝ ሄይዋርድን ምዕራባዊ ግድግዳ በኅዳር ገነባው።

አምብሮዝ የዊዝኮም ትልቁ ባለ በግ ነው። ያን ጊዜ በኅዳር መባቻ ዳሱ ድረስ መጥቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ለግንበኛ ባርኔጣ የሚያወልቅ ባለ መሬት ጃቤዝ አይቶ አያውቅም።

«ሐኪሙ፣ ዶርካስ መጋቢትን አታይም አለኝ» አለ።

ጃቤዝ መሮውን አስቀመጠ። «ምዕራቡ ወገን እኮ ገና ነው ጌታው። ግድግዳውም፣ ጢስ መውጫውም።»

«ዐሥራ አንድ ዓመት ከእናቴ ጋር አንድ ምድጃ ላይ ኖረች። አንድ ቀን አፏን ከፍታ አልተናገረችም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ በራሷ ቤት፣ በራሷ መስኮት ሥር መሞት። ይህን ላዝህ አልችልም። እለምንሃለሁ።»

አንጀቱን በላው። ሌላም ነገር ነበር፤ ጃቤዝ ለራሱ ማመን አይወድም እንጂ ‹ይህንን የሚችል ፔግለር ብቻ ነው› መባል ደስ ይለዋል። ጥሬውን ኖራ ገና እየተንፈቀፈቀ በትኩሱ እያስቦካ፣ ማታ ማታ ጆንያና ገለባ እያለበሰ፣ በሃያ ቀን ግድግዳውን ከነጢስ መውጫው ጨረሰ። የመጨረሻው ድንጋይ በተቀመጠ በሁለተኛው ሌሊት ታላቁ ውርጭ ወረደ። ጃቤዝ አልጋው ላይ ሆኖ ደጅ ያለው የውሃ በርሜል ሲሰነጠቅ ሰማ። ለማንም ትንፍሽ አላለም። በሳምንቱ ዶርካስን በወንበር ተሸክመው አዲሱ ቤት አስገቧት።

ቤቱ ከዳገቱ አናት ብቅ ሲል ጃቤዝ ቆም አለ። አምሮበታል። ክፋቱም ይኸው ነው። የአገሩ ድንጋይ ግራጫና ማር የተቀላቀለበት መልክ አለው፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ይደምቃል። ጣሪያው ከጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ ከግርጌው ሰፋፊዎቹ ተደርድረው፣ ወደ ላይ እያነሱ እያነሱ ሄደው፣ አናቱ ላይ ከመዳፍ የማይበልጡ። ከየመስኮቱ በላይ ውሃ የሚመልስ የድንጋይ ቅንድብ ተቀርጿል። ምሥራቁ ወገን፣ ማድቤቱና በላዩ ያለው የሱፍ ክፍል፣ በበጋ ፀሐይ የተሠራ ስለሆነ መድፍም አይነቀንቀውም። የምዕራቡ ነገር ግን ሌላ ነው። ከታች አዳራሹ አለ፣ ከላይ የዶርካስ መኝታ ክፍል። ግንበኛ ሁሉ ጢስ መውጫውን በጎን ግድግዳው መካከል ያቆማል። ዶርካስ ግን በዚያው ግድግዳ ላይ መንገዱንና የወንዙን መሻገሪያ የሚያሳይ ባለ ሦስት ዓይን መስኮት ፈለገች፤ ጃቤዝም እየሳቀ ጢስ መውጫውን ወደ ጎን ገፋላት። በበጋ ሲያወሩት ቀላል ነበር። አሁን የአራት ጋሪ ድንጋይ የሚመዝን ጢስ መውጫ፣ ጎኑ ትልቅ ቀዳዳ ባለው፣ በውርጭ በተጋገረ ኖራ በተያያዘ ግድግዳ ላይ ተቀምጧል። የፎቁን ወለል የሚሸከመው ዋና ግንድም አንዱ ጫፉ የገባው እዚያው ግድግዳ ውስጥ ነው። ግድግዳው ከሄደ ወለሉ ይሄዳል፤ ከወለሉ ጋር አልጋው፣ ከአልጋው ጋር ሴትየዋ።

ወደ ማዕዘኑ ተጠግቶ ቢላውን በሁለት ድንጋይ መካከል ሰካ። ትናንት ቢሆን ቢላው ይሰበር ነበር። ዛሬ ያለ አንዳች ጉልበት ገባ፤ ሲያወጣውም ነጭ ገንፎ ይዞ ወጣ። ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ሞከረ። እዚያም ያው ነበር።

አዳራሹ ውስጥ የአምብሮዝ እናት እሜቴ ሚልድሬድ ከምድጃው ዳር ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ። አዲሱን ቤት ከመሠረቱ ጀምረው ያልወደዱት ሴት ናቸው። ገብተው የሚኖሩበትም ልጃቸውን የናቁ እንዳይመስሉ ብቻ ነው።

«የት ነው በዚያ ጭቃ?» አሉ ቢላቸውን እየቀሰሩ።

«ጌታው የታሉ፣ እሜቴ?»

«የት ይሆናል? ሚስት ያስታምማል። በጎቹን እግዜር ያስታምማቸው። እኛ አሮጌው ቤት ውስጥ ሰባት ወልደን ስናሳድግ መስኮት ላይ ተሰቅሎ አላፊ አግዳሚ ሲቆጥር የሚውል አልነበረም።»

አምብሮዝ ባዶ ጎድጓዳ ሳህን ይዞ ከደረጃው ወረደ። አርባ ዓመት ያልሞላው ሰው ነው፤ በእነዚህ ወራት ግን ጢሙ ነጭ አብቅሏል።

«ጌታው» አለ ጃቤዝ፣ «እመቤቴን አሁኑኑ ከላይ ያውርዷት። ግድግዳው ይወድቃል። ኖራው ሳይደርቅ ውርጭ ይዞታል።»

«መቼ ነው የያዘው?»

«በኅዳር ማለቂያ።»

«በኅዳር ማለቂያ የያዘውን በጥር ማለቂያ ነው የምትነግረኝ?»

«ምናልባት ደርቆ ይሆናል ብዬ ነበር» አለ ጃቤዝ። ሲናገረው ለራሱም አሳፈረው።

ተያይዘው ወጡ። አምብሮዝ ግድግዳውን በቡጢ መታው፤ እንደ ወትሮው ነው። ጃቤዝ ቢላውን ሰክቶ አውጥቶ አሳየው። አምብሮዝ ነጩን ነገር በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አሸው። በዚያው ቅጽበት ከጢስ መውጫው ክዳን ላይ ቡጢ የምታህል ድንጋይ ተንከባልላ መጥታ በሁለቱ መካከል ጭቃው ውስጥ ገባች። ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም።

ዶርካስ በሦስት ትራስ ተደግፋ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ ተጋድማለች። ከመስኮቱ ጎን ባለው ምድጃ እሳቱ ይንቀለቀላል። ከብርድ ልብሱ ሥር ሰው ያለ አይመስልም፤ ዓይኗ ብቻ ነበር ያልከሳው።

«አባባ ጃቤዝ፣ ና እይ እስቲ» አለች በሹክሹክታ። «ያቺ የወፍጮ ቤቱ መበለት ልትሻገር ቀሚሷን ሰብስባ ቆማለች። ቄሱ ደግሞ ከማዶ ሆኖ እንዳላየ እያየ ነው።»

ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። አምብሮዝ መሐረቡን ከአፏ ሲያነሣላት ቀልቶ ነበር። ጃቤዝ ከአልጋው አጠገብ ተንበርክኮ ያለውን ሁሉ ነገራት፤ ስለ ኅዳሩም፣ ስለ ውርጩም፣ ዝም ስለ ማለቱም። እስኪጨርስ ሰማችው።

«እና ስንት ቀን ይቆያል?»

«ዛሬን ቢያድር ነው፣ እመቤቴ።»

«እኔም እንደዚያው ነኝ።» ቀና ብላ ግድግዳውን አየችው። «ሁለታችንም የአንድ ቀን ነን እንግዲህ። ተዉን፤ እኔና እሱ እንስማማለን።»

«ዶርካስዬ፣ እባክሽ» አለ አምብሮዝ።

«የት ልትወስደኝ ነው? ወደ እናትህ ቤት?»

«የሱፉ ክፍል። እዚሁ ቤትሽ ነው። ከቤትሽ አትወጪም።»

«መስኮት የለውም።»

«የአየር ቀዳዳ አለው።»

«እሱ ለሱፍ ነው የተሠራው።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ስማኝ አምብሮዝ። ዐሥራ አንድ ዓመት ግድግዳ ሳይ ኖሬያለሁ። አሁን መንገድ እያየሁ ልሙት። አንተም ውጣ፣ አባባም ይውጣ፣ እኔን ተዉኝ። ቢወድቅብኝም ከዚህ ሳል አይብስም።»

አምብሮዝ ወደ ጃቤዝ ዞረ። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ቁጣ አልነበረም፤ አንድ ሰው ቢያስጥለኝ የሚል ልመና ነበር።

«እርግጠኛ ነህ?» አለው።

ጃቤዝ አርባ ዓመቱን አሰበ። «እርግጠኛ ነኝ» አለ።

አምብሮዝ ሚስቱን ከነብርድ ልብሷ አቀፋት። ማንኪያ ማንሣት አቅቷት የከረመችው ሴት ያን ጊዜ እጇን ወርውራ በመስኮቱ ዓይኖች መካከል ያለውን የድንጋይ ምሰሶ ያዘች። እንዲህ ያለ ጉልበት ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ። አልጮኸችም፤ ‹ተወኝ፣ ተወኝ› ብቻ ትላለች። አምብሮዝ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀ። ጃቤዝ ወለሉን ያይ ነበር፤ መስማት ግን አልቀረለትም። አምስተኛው ጣት ሲላቀቅ ዝም አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ከዚያች ሰዓት በኋላም ለባሏ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

የሱፉ ክፍል ጨለማ ነው፤ የበግ ስብ ይሸታል። ምድጃ ስለሌለው ድንጋይ አግለው በጨርቅ ጠቅልለው ከእግሯ ሥር አደረጉላት። እሜቴ ሚልድሬድ እያቃሰቱ ደረጃውን ወጥተው፣ ምራታቸው ባዶ ግድግዳ ላይ አፍጥጣ ስትተኛ ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩ። ከዚያ ወረዱ፣ ነጠላ ጨርቅ ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ መንገዱ ዳር ወጡ፣ ተመልሰውም መጡ።

«የአንጥረኛው ሚስት አለፈች» አሉ እያለከለኩ። «አዲስ ጫማ አድርጋለች። ከየት እንዳመጣችው እንጃ።»

የዶርካስ ዓይን ወደሳቸው ዞረ።

«ሁለት የጭነት ፈረሶች ደግሞ መሻገሪያው ላይ አንሄድም ብለው ነጂው ይሰድባቸዋል። ስድቡ ለእኔ አፍ አይሆንም፤ ልንገርሽ?»

«ይንገሩኝ» አለች ዶርካስ።

ሰባ አንድ ዓመት የሆናቸው ሴት ቀኑን ሙሉ በዚያ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ዋሉ። ከእኩለ ቀን በኋላ ዝናቡ ስለበረታ በመንገዱ ላይ ውሻ እንኳ አላለፈም። ጃቤዝ ይህን ያውቃል፤ ከግድግዳው ሥር ቆሞ የዋለ ነውና። አሮጊቷ ግን ሠርገኛም አሳለፉ፣ ዝንጀሮ የያዘ አዝማሪም አሳለፉ። ምራታቸውን ያን ያህል ሲያወሯት በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ጃቤዝና ኖራ አቡኪው ኢኖስ በግድግዳው ላይ ስድስት ግንድ በድጋፍ አቆሙ። ሌላ የሚሠራ ነገር ስላልነበረ ራቅ ብለው ቆሙ። ውሃው ከጣሪያው ይወርዳል። የድንጋዮቹ መጋጠሚያ ነጭ ዕንባ እያወጣ ወደ መሬት ይንጠባጠባል። ጃቤዝ አሁን ይሄዳል፣ አሁን ይሄዳል እያለ ጠበቀ። መሽቶ ነጋ። በማግስቱም ግድግዳው ቆሞ ነበር። ያን ጊዜ ጃቤዝ ራሱን ሲጸልይ አገኘው፤ ጸሎቱም ‹ጌታ ሆይ ጣለው› የሚል ነበር። ግንበኛ የገዛ ግድግዳው እንዲወድቅለት ሲለምን እግዜርም ግራ ሳይገባው አልቀረም። አፈረ፤ ግን ልመናውን አላቆመም።

ዶርካስ በዚያ ቀን እኩለ ቀን ላይ አረፈች። ግድግዳው አልወደቀም።

ሙታን በሱፍ ይከፈኑ በሚለው የአገሩ ሕግ መሠረት በሱፍ ከፍነው በሦስተኛው ቀን ቀበሯት። ከሁለቱ ሽማግሌዎች ቀጥሎ ሦስተኛዋ ሆነች፤ ቆፋሪው አንድ ላይ ጨረሳቸው። ዝናቡ ያለ ማቋረጥ ዘነበ። ወሬውም ከዝናቡ ቀድሞ ሸለቆውን አዳረሰ፤ ፔግለር በውርጭ ገንብቶ፣ ደብቆ፣ ሰውየው ሚስቱን በመጨረሻ ሰዓቷ ከአልጋዋ እንዲያስነሣ አደረገ ተባለ። የእህል ጎተራውን ሊያሠራው ተስማምቶ የነበረው ቄስ ሌላ ሰው አግኝቻለሁ ብሎ ላከበት። ኢኖስም ከመጠጥ ቤቱ አኩርፎ መጣ።

«አባባ፣ ‹የፔግለር ገንፎ ሳህኑ ስንት ነው› እያሉኝ ነው። ምን ልበላቸው?»

«ገና ትኩስ ነው በላቸው» አለ ጃቤዝ።

ከቀብሩ በኋላ በአራተኛው ቀን አምብሮዝ ጠራው። ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው ሁለቱም ወደ ላይ አዩ።

«ቆሟል» አለ አምብሮዝ።

«አዎ፣ ጌታው።»

«ይህን ሁሉ ቀን ዘነበ፤ ቆሟል።» ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ጣቶቿን ያላቀቅኋቸው እኔ ነኝ ጃቤዝ። ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር እነሱን ነው የምቆጥረው። አፍርሰው። ከሆዱ ውስጥ ያገኘኸውን ንገረኝ። ሌላ ከአንተ የምፈልገው የለም።»

በማግስቱ ጠዋት ጃቤዝ ድጅኖውን ይዞ ርብራቡ ላይ ወጣ። ከአናቱ ጀመረ። የላዩን ኖራ ሲጭረው እስከ አንድ ጣት ጥልቀት ገንፎ ነበር፤ ያወቀው ነገር ስለሆነ አልደነቀውም። ከዚያ ድጅኖውን መጋጠሚያው ላይ አድርጎ ተጫነ። አልገባም። በመዶሻ መታው። ድጅኖው እንደ ደወል ጮኸ እንጂ አልገባም። ሌላ ቦታ ሞከረ፣ ከመስኮቱ አናት ሞከረ፣ ከጢስ መውጫው ሥር ሞከረ። አንዱን ድንጋይ አጥብቆ ሲመታው ኖራው ከመልቀቅ ይልቅ ድንጋዩ ራሱ ተሰነጠቀ።

ቁጭ አለ። ምክንያቱ ወዲያው ገባው፤ መዳፉን ጢስ መውጫው ላይ ሲያሳርፍ ገና ለብ ይል ነበር። አምብሮዝ የመኝታ ክፍሉን ምድጃ ከታኅሣሥ ጀምሮ አንድ ሌሊት አጥፍቶት አያውቅም፤ ከሞተችም ወዲህ ማጥፋት አልሆነለትም። ለሚስቱ ያነደደው እሳት ዘጠኝ ሳምንት ግድግዳውን ከሆዱ ሲያደርቀው ከርሟል። ውርጩ የያዘው ቆዳውን ብቻ ነው። እርጥብ ቤት ውስጥ ሰው አስገብቶ ቀንና ሌሊት እሳት የሚያነድ ስለሌለ ከግንበኞች መካከል ይህን ያየ የለም። ጃቤዝም አላሰበውም። የሙያው ሕግ አንድ ነው፤ እሱም ያን ሕግ እንደ ጸሎት ደግሞ ‹እርግጠኛ ነኝ› አለ።

በዕድሜው ሙሉ እንዲህ ያለ ግድግዳ አልሠራም። ልጅ የልጅ ልጅ ያይበት ነበር። ዶርካስም መንገዷን እያየች፣ ባሏን እያናገረች፣ በሞቀ ክፍል መሞት ትችል ነበር።

«እንዴት ነው?»

አምብሮዝ ከታች ቆሟል። ባዶ ራሱን ነው፤ ዝናቡ በግንባሩ ይወርዳል።

ጃቤዝ ድጅኖውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። ‹ግድግዳው ደህና ነው› ማለት ሦስት ቃል ብቻ ነው። ያቺ ቃል እስከ እሑድ ሸለቆውን ታዳርሳለች፤ ፔግለር በታላቁ ውርጭ ገንብቶ አልወደቀበትም ይባላል፤ ቄሱም ጎተራውን ይዞ ይመለሳል፤ ስሙ ከነበረበት በላይ ከፍ ይላል። እውነትም ናት። አምብሮዝ ግን ይህችን እውነት ይዞ ወደዚያ ቤት ይገባል፣ ይተኛል፣ ዓይኑን ይከድናል። ጃቤዝ ወደ ሰውየው እጆች አየ። ሁለቱም በጎኑ ተንጠልጥለዋል፣ የእሱ ያልሆኑ ይመስል።

«ገንፎ ነው፣ ጌታው» አለ።

«ውስጡም?»

«ውስጡም።»

«በእግዚአብሔር ፊት?»

ጃቤዝ ቅዳሴ የማያስቀር፣ በከንቱ የማይምል ሰው ነበር። «በእግዚአብሔር ፊት» አለ። «ድጋፎቹ ናቸው ያቆሙት። ያን ዕለት ባያወርዷት ኖሮ ከነአልጋዋ ከፍርስራሽ ሥር ነበር የምናወጣት።»

አምብሮዝ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። በቀብሩም ላይ ያላለቀሰው ሰው ያን ጊዜ አፉን በክንዱ ይዞ አለቀሰ። በኋላ ተነሥቶ፣ ወደ ላይ ሳያይ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ጃቤዝ» ብሎ ወደ በጎቹ ሄደ። ጃቤዝን ከሁሉ የከበደው ይህ ምስጋና ነበር።

የበሰበሰ ግድግዳ ሁለት ሰው በሁለት ቀን ያፈርሰዋል። ጃቤዝ ኢኖስን ወደ ድንጋይ መቁረጫው ላከው፤ ብቻዬን እጨርሰዋለሁ አለው። አምብሮዝ ወደ ግጦሹ ሲሄድ በድጅኖና በመዶሻ እየታገለ ይፈለፍላል፤ ሲመለስ ሲያየው ድጅኖውን ደብቆ የተላቀቀውን በእጁ ያነሣ ይመስላል። ማታ ጣቶቹ አልታጠፍ ይሉታል። በአራተኛው ቀን የወረደው ገና እስከ መስኮቱ ቅንድብ ነበር።

በዚያ ቀን እሜቴ ሚልድሬድ ዳቦና አይብ በጨርቅ ቋጥረው፣ ቢራ በገንቦ ይዘው መጡ። ምግቡን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው አልሄዱም። ድጅኖው ሲጮህ ሰሙ። ከወረዱት ድንጋዮች አንዱን ጎንበስ ብለው አገላበጡት። የተጣበቀበትን ኖራ በጥፍራቸው ጫሩት፤ ከቀበቷቸው የተንጠለጠለውን ቁልፍ አውጥተውም በጥርሱ ጫሩት። አንዲት ፍርፋሪ አልወጣችም።

«ለበሰበሰ ግድግዳ ብዙ ላብህ ፈሰሰ» አሉ።

ጃቤዝ መዶሻውን አወረደ። «እሜቴ፣ እኔ…»

«ስድሳ ዓመት ገንፎ ሠርቻለሁ። ገንፎ ምን እንደሚመስል አትነግረኝም።»

ዝናቡ አባርቷል፤ ከታች ወንዙ ሞልቶ ይጮኻል። አሮጊቷ የያዙትን ድንጋይ ኖራው ወደ ታች እንዲሆን አድርገው ጭቃው ውስጥ ጣሉት፣ በእግራቸውም ረገጥ ረገጥ አደረጉት።

«ልጄን ትናንት ነው እንቅልፍ የወሰደው» አሉ። «ሰው እስኪደነግጥ አንኮራፋ።»

ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ቤቱ ማዕዘን ሄዱ። ከዚያ ላይ ከግጦሹ የሚመጣው መንገድ ይታያል። ጀርባቸውን ለጃቤዝ ሰጥተው፣ አንድ እጃቸውን ማዕዘኑ ላይ አሳርፈው ቆሙ።

«ሲመጣ እስላለሁ» አሉ። «ያኔ በእጅህ ትዝቃለህ።»

ጃቤዝ ድጅኖውን አነሣ፤ መልሶም አስቀመጠው። ለማንም ያልነገረው አንድ ነገር ነበር፤ ለዚህች ሴት ካልነገረው ለማንም እንደማይነግረው ገባው።

«እሜቴ» አለ፣ «ከዚህ የተሻለ ግድግዳ ሠርቼ አላውቅም።»

«አውቃለሁ» አሉ ዞር ሳይሉ። «አሁን ማንም የለም። ምታ።»